የዘሩን ገብስ ሳይነኩ ማፍጠር

በ2017 ዓ.ም. የተከበረው የረመዳን ወር የገባው የካቲት 22 ቀን ቅዳሜ ነበር። በዚያ ዕለት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዓቢይ ጾምን ከጀመሩ ስድስተኛ ቀናቸው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ሁለቱ ጾሞች መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ በአንድ ጀምበር መግባታቸውን አንባቢ ያስታውሳል። ስለዚህ መገጣጠም ብዙ ተብሏል። ስለ ጉርብትናው፣ ስለ አብሮ መኖሩ፣ ስለ መከባበሩ ያልተናገረ የለም። ስለ ገበያው ግን ብዙም አልተባለም። ሁለት ጾም በአንድ ገበያ ሲገናኙ ምን ይወደዳል? ምንስ ይረክሳል? በዚያ ገበያ መሀል የሚኖር ሙስሊም ቤተሰብስ ማዕዱን በምን ሂሳብ ያሰናዳል?

ጥያቄው ጎልቶ ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ የሰሜን ሸዋ ደጋ ነው፤ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ። በዚህ አካባቢ የሙስሊሙ ቁጥር ከአጎራባቹ ወሎ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ከወሎ ጋር በሚዋሰነው በግሼ በኩል እንዲሁም በወረዳ ከተሞች ተበታትኖ ይኖራል። የገበያውን ዋጋ የሚወስነው አብዛኛው ገዢ ዓቢይ ጾምን የሚጾመው ክርስቲያን ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ የመሐል ሜዳ ወይም የራቤል ሙስሊም እማወራ ቅርጫቷን ይዛ ስትወጣ የምታገኘው ዋጋ የጎረቤቷ ጾም የሠራው ዋጋ ነው።

ይህ ዋጋ ሁለት ፊት አለው። የምግብ ዘይት፣ ሽሮ፣ ምስርና ሽምብራ በአንድ ሳምንት ሁለት ዓይነት ፈላጊ ይመጣባቸዋል። ክርስቲያኑ ወጡን በዘይት ይሠራል፤ ሙስሊሙ ደግሞ ሳምቡሳውን በዘይት ይጠብሳል። በአንጻሩ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ለ55 ቀናት አብዛኛውን ገዢያቸውን ያጣሉ። በዓቢይ ጾም ወተት ገዢ ማጣት ከደብረ ብርሃን እስከ ሸኖ ላሉ አምራቾች በየዓመቱ የሚመጣ ራስ ምታት ነው። ለጾመኛው ሙስሊም ቤተሰብ ግን ይኸው ራስ ምታት በረከት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ብዙዎቻችን የረመዳን ማዕዳችንን የምናሰናዳው ከአዲስ አበባ፣ ከሐረርና ከቴሌቪዥን ባየነው መልክ መሆኑ ነው። ሳምቡሳ፣ ጣፋጭ ጁስ፣ ቴምር፣ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፤ በሙሉ ከሩቅ በመኪና የሚመጡ ናቸው። በገበያው ላይ የረከሰውን አልፈን የተወደደውን እንገዛለን ማለት ነው።

የተወደደው ለምን እንደተወደደ ለማንም የተሰወረ አይደለም። አገራችን የምግብ ዘይቷን በአብዛኛው ከውጭ ታስገባለች። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2017 ዓ.ም. ከ120 ብር በላይ ሆኗል። ዘይትም ስኳርም ቴምርም በዚያው መንገድ ነው የመጡት። በዚህ ላይ ደጋው የራሱ የሆነ ጭማሪ አለበት። ከጣርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣው መንገድ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ምክንያት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሱቅ ውስጥ ያለችው ጄሪካን ዋጋ ትጨምራለች። መንገዱ ሲከፈት ዋጋው በዚያው ፍጥነት አይወርድም፤ ይህንን የማያውቅ ሸማች የለም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስለ ኑሮ ውድነት በየዕለቱ የምንሰማው ነው። የደጋውን ቤተሰብ ጉዳይ ለየት የሚያደርገው የወቅቱ ሁኔታ ነው። ረመዳን በየካቲትና በመጋቢት ሲውል በመንዝና በግሼ የበልግ ዘር ከሚወርድበት ጊዜ ጋር ይገናኛል። በዚህ ደጋ በልግ እንደ ሌላው አካባቢ ተጨማሪ ምርት ብቻ አይደለም። የብዙ ቤተሰብ ዋና ገብስ የሚገኘው ከበልግ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ በዘገየ ወይም በቀረ ቁጥር የሚከተለውን አካባቢው በተደጋጋሚ አይቶታል። ስለዚህ አሁን በጎተራ ውስጥ ያለው ገብስ ሁለት ስም አለው። ከፊሉ እህል ነው፤ ከፊሉ ዘር ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ግድግዳ የለም። የሚለያቸው የባልና የሚስት ቃል ብቻ ነው።

ዘይት ሲያልቅ፣ ስኳር ሲጎድል፣ ልጆች የጎረቤት ልጅ ያየውን ሳምቡሳ ሲጠይቁ፣ ያ ቃል ይላላል። ቅዳሜ አንድ ቁና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቁና ወደ ገበያ ይወጣል። ለአንድ ሄክታር ገብስ ከ100 እስከ 125 ኪሎ ዘር ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት ሩብ ሄክታር መሬት 25 ኪሎና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ይፈልጋል። በረመዳን ውስጥ በዘይትና በስኳር ስም ግማሽ ኩንታል የሸጠ ቤት ወደ ግማሽ ሄክታር የሚጠጋ ማሳ ሳይዘራ በልቷል። ያንን ገብስ መልሶ ለመግዛት ሲወጣ ደግሞ ሁሉም ዘር በሚፈልግበት ሳምንት፣ በተወደደበት ዋጋ ነው የሚያገኘው። እንግዲህ የደጋው የኢፍጣር ማዕድ ጥያቄ «ዛሬ ምን እንብላ» ብቻ አይደለም። ነሐሴ ላይ የሚበላውም አብሮ ይወሰናል።

የከተማው ነዋሪ ዘር የለውም፤ ነገር ግን እርሱም የሚጠብቀው ነገር አለው። የሱቁ ተዘዋዋሪ ገንዘብ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የኪራይ ብር ለእርሱ ዘሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሂሳብ ለሁለቱም ይሠራል።

በአንድ ቤት ስድስት ነፍስ አለ እንበል። ለእያንዳንዱ ሦስት ሳምቡሳ ቢደርሰው በቀን 18፣ በወር 540 ሳምቡሳ ይሆናል። ቁጥሩን በዚህ መልክ አስልተን ስለማናውቅ ነው እንጂ 540 ሳምቡሳ ስንት ሊትር ዘይት፣ ስንት ኪሎ ዱቄትና ምስር እንደሚወስድ የምታውቀው ምድጃ ዳር የቆመችው እናት ናት። ሳምቡሳን ከማዕድ እናንሳ ለማለት አይደለም፤ ረመዳንን ያለ ሳምቡሳ ልጆች አያውቁትም። ሐሙስ ማታና ጁምዓ ማታ ብቻ ቢጠበስ በወሩ 150 ገደማ ይሆናል። ልጅ የሚናፍቀው ነገር ደግሞ በየቀኑ ከሚያገኘው ይልቅ ይጣፍጠዋል፤ ይህንን የምለው በገዛ ቤቴ ዓይቼ ነው።

ሁለተኛው ነገር የድስቱ መጠን ነው። ብዙዎቻችን የምናበስለው በሰው ቁጥር ሳይሆን በድስቱ ልክ ነው። ትልቁ ድስት ስለተጣደ ይሞላል። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲርበው የሚያስበውና አዛን ሲል የሚበላው ለየቅል መሆኑን ሁላችንም በራሳችን አይተናል። ቴምርና ውኃ ይቀድማል፤ ሾርባ ይከተላል፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ወደ እንጀራው ሲኬድ ሆድ ግማሹ ሞልቷል። ከተራዊህ መልስ የቀረው ወጥ ድስቱ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ማባከን የኛ የደጋዎቹ ብቻ ጉድ አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደባከነ፣ ከዚህም 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤቶች እንደወጣ አስታውቋል። ቁርኣን በሱረቱል አዕራፍ ስለመብላት፣ ስለመጠጣትና ስላለማባከን የሚያዝዘውን ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በደጋው ግን ትልቅ ድስት ከምግቡ ሌላ የሚያባክነው ነገር አለ፤ ማገዶ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ባቄላ ቆላ ላይ በሚበስልበት ጊዜ ደጋ ላይ የማይበስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ውኃው ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ዛፍ ባነሰበት በመንዝ ምድጃው የሚነደው በአብዛኛው በኩበት ነው። ኩበት ደግሞ ለማሳው ማዳበሪያ ሊሆን የሚችል ነው። ስለዚህ ሳይነከር የተጣደ ባቄላ ዘይትን ብቻ ሳይሆን መሬቱንም ይበላል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። ባቄላው በሱሁር ሰዓት በውኃ ይዘፈዘፍ፤ እስከ ዓስር ድረስ ከአሥር ሰዓት በላይ ይጠጣል። የነከረበት ውኃ ይደፋና በአዲስ ውኃ ይጣድ። ገብሱ በቅንጬ መልክ የተሰነጠቀ ከሆነ ከድፍኑ በብዙ ይፈጥናል። ለስድስት ሰው ሾርባ አንድ የውኃ ብርጭቆ ቅንጬ ከስምንት ብርጭቆ ውኃ ጋር ይበቃል፤ ሽንኩርት፣ ትንሽ ካሮት ከተገኘ ካሮት፣ በመጨረሻም አንድ ማንኪያ ቅቤ። ዘይት አያስፈልገውም። ቅቤው ደግሞ በዚህ ወር ነው ከወትሮው የሚቀልለው።

አሁን ወደ መንዝ ራሱ ሀብት እንምጣ። የመንዝ በግ በጸጉሩ የታወቀ ነው። ከዚያ ጸጉር የሚሠራው ባና እና ዝተት የሸዋን ደጋ ብርድ ሲከላከል የኖረ ነው። ባና ሰውን የሚያሞቀው ሙቀት ስለሚፈጥር አይደለም፤ ያለውን ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚይዝ ነው። ድስትንም እንዲሁ ይይዛል። ሾርባው ዓስር ሰዓት አካባቢ ተጥዶ አሥራ አምስት ደቂቃ በደንብ ከተንተከተከ በኋላ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ከምድጃው ይውረድ። ጭድ ወይም የጓሳ ሣር በተጎዘጎዘበት ቅርጫት ውስጥ ይቀመጥና በአሮጌ ባና በደንብ ይጠቅለል። እስከ መግሪብ ባለው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ቅንጬው ያለ እሳት መብሰሉን ይቀጥላል። ከመቅረቡ በፊት አንድ ጊዜ እንዲፈላ ማድረግ ጥሩ ነው። ሥጋ ያለበትን ምግብ ግን በዚህ መልክ ማቆየት አልመክርም፤ ለብ ብሎ የቆየ ሥጋ በሽታ ያመጣል። የተረፈው ጥቅም ማገዶው ብቻ አይደለም። እናቲቱ ከአዛን በፊት ያለውን ሰዓት ጭስ ውስጥ ሳይሆን ቁርኣኗ ላይ ወይም ጋደም ብላ ታሳልፈዋለች። ስለ ረመዳን ማዕድ ስንጽፍ የምንረሳው ይህንን ነው፤ የምታበስለውም እንደሌላው ጾማ ነው።

ሱሁር ከኢፍጣር የበለጠ ትኩረት ይሻል። ከንጋት እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ በዚህ ወቅት ከ13 ሰዓት በላይ ነው። ገብስ ቶሎ የማይፈጭ አሠር ስላለው በሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ነጭ የስንዴ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ረፋድ ላይ ጥለውን ይሄዳሉ። በሶ ለሱሁር የተፈጠረ ነው ቢባል ያስኬዳል። ገብሱ አስቀድሞ ስለተቆላ እሳት አይፈልግም፤ በሌሊት ብርድ ምድጃ ማያያዝ ቀረ ማለት ነው። በሶውን በቅቤ አሽቶ ጭኮ ማድረግ ደግሞ ከአንድ ሳምንት በላይ ያቆየዋል። ጭኮ ትንሽ ተበልቶ የሚያጠግብ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ቡና ስኒ የሚያህል ቁራሽ ይበቃል። ወተቱ በረከሰበት በዚህ ወር ደግሞ ተልቢና አለ። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲሥ የታወቀው ተልቢና የገብስ ዱቄትና ወተት ነው፤ በላዩ ማር ጠብ ይደረግበታል። ከተማ ውስጥ በሚያምር እሽግ ሲሸጥ የምናየው ተልቢና ዋና ግብአቱ የመንዝ ሰው ደጁ ላይ የሚያበቅለው ነው። አንድ ሰው ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ወርዶ የታሸገ የገብስ ዱቄት ገዝቶ ሲመለስ ማየት ያስቃል፤ ያሳዝናልም።

ገብሱ ራሱ ግን እንደ ድሮው በነጻ የተገኘ ተደርጎ አይታሰብ። ደብረ ብርሃን ላይ ሐበሻና ዳሽን የቢራ ፋብሪካዎች አሏቸው፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩም የብቅል ፋብሪካ ገብቷል። ለገበሬው ቋሚ ገዢ ማግኘቱ መልካም ነው። ይሁንና ለብቅል የሚሆነው ገብስ ማሳውን በተሻማ ቁጥር ለበሶና ለእንጀራ የሚሆነው ዝርያ ያንሳል። ገብስ ለማዕዳችን ርካሽ ነው የምንልበት ዘመን ለዘለዓለም የሚቆይ አይመስልም። ይህ ደግሞ ያለውን በልክ የማብሰልን ጉዳይ ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም።

በመርሐቤቴ መልኩ ትንሽ ይለያል። ዓለም ከተማ ከመንዝ ዝቅ ትላለች፤ ዙሪያዋን ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆዎች የሚወርድ መሬት ነው። በዚያ ጤፍና ማሽላ አለ። የማሽላ ገንፎና ቂጣ ከእርጎ ጋር ለሱሁር ከበሶ አያንስም። መርሁ አንድ ነው፤ ቅርብ ያለውን አስቀድሞ፣ ሩቅ ያለውን ለማጣፈጫ።

«ማዕድን ማሳነስ ስስት ነው፤ ረመዳን የልግስና ወር ነው» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፣ ጾመኛን ማስፈጠር አጅሩ ትልቅ ነው። ነገር ግን ማዕዱ የሚያንሰው ለእንግዳ አይደለም፤ ለማይበላው ትርፍ ነው። አንድ ብርጭቆ ቅንጬ መጨመር ለአራት እንግዳ ይበቃል። ለጎረቤት በሚላከው ሳህን ላይ ደግሞ የሁለቱ ጾሞች መገጣጠም አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጾም ላይ ናቸው፤ ቅቤ ያለበት ሾርባ ቢላክላቸው አመስግነው ያስቀምጡታል። የምስር ሳምቡሳ፣ እልበት፣ የተቀቀለ ሽምብራ ግን የሁለቱም ጾም ምግብ ነው። ጁምዓ ማታ ከሚጠበሰው ሳምቡሳ አንድ ሳህን ለጎረቤት እንዲሆን አስቦ በምስር መሥራት ወጪው ትንሽ ነው። ማታ ቡናው ላይ የሚመጣው ቆሎ ደግሞ የእነርሱ ነው።

በሌላ በኩል ቁጠባን ለድሃ መስበክ ቀላል መሆኑን አልዘነጋሁም። ሰባት ልጅ ያላት እናት እንዴት መቆጠብ እንዳለባት ከጋዜጣ አትማርም። ቤተሰብ በድስቱ ልክ የሚያደርገው ነገር የጄሪካኑን ዋጋ አይቀንሰውም። ይህንን ሊያደርግ የሚችለው ሰብሰብ ብሎ መግዛት ነው። በግብጽ መንግሥት ረመዳን ከመግባቱ በፊት «አህለን ረመዳን» የተሰኙ የቅናሽ ገበያዎችን በየዓመቱ ይከፍታል፤ በእኛም አገር በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች የእሁድ ገበያዎችና የሸማቾች ማኅበራት አሉ። በደጋው ትናንሽ ከተሞች ሙስሊሙ ጥቂት መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሃያ ወይም ሠላሳ አባወራ ያለው የአንድ መስጂድ ጀመዓ ዘይቱን፣ ቴምሩንና ስኳሩን በሻዕባን ወር፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት፣ በአንድ ላይ ቢያስመጣ በችርቻሮና በጥድፊያ የሚጨመረው ዋጋ ይቀርለታል። ለሚመጣው ዓመት ከአሁኑ የሚመከርበት ነው።

የኢድ ዝግጅትም አለ። በ2017 ዓ.ም. ኢድ ጨረቃ ከታየች መጋቢት 21፣ ካልሆነ በማግስቱ የሚጠበቅ ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። ኢድ ሦስት ሳምንት ይቀድም ነበር ማለት ነው። በጉን ለፋሲካ ብሎ የሚያቆየው ሻጭ ይኖራል፤ ለማዳበሪያና ለዘር ገንዘብ የቸገረው ደግሞ ገዢ በሌለበት በዚህ ጊዜ ያወጣዋል። በጉ ኢድ ዋዜማ ሳይሆን ከዚያ አንድና ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢታይ ይመረጣል። በትናንሾቹ የደጋ ከተሞች የሙስሊም ሥጋ ቤት እንደልብ አይገኝም፤ በሬ አርዶ ቅርጫ ለመካፈልም ቤተሰቡ ጥቂት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቤት ተጋርቶ አንድ በግ ማረድ ለኪስም ለሆድም ልክ ነው። ሥጋው ከተረፈ ቋንጣ ይደረግ፤ የመንዝ ደረቅ ነፋስ ለቋንጣ የታደለ ነው።

ቆዳው ግን ለምን ይጣላል? ባለፉት ዓመታት የቆዳና የሌጦ ዋጋ ወድቆ በየበዓሉ ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ ሲበሰብስ አይተናል። ከመንዝ በግ የሚወጣው ሌጦ ጸጉሩ የበዛ በመሆኑ ጥሩ አጎዛ ይወጣዋል። ለኢድ ቤት ለማሳመር ብለን ከገበያ የምንገዛው የፕላስቲክ ምንጣፍ በሁለት ዓመት ይሰነጣጠቃል፤ በደጋው ብርድም አይሞቅም። አጎዛ ግን በደንብ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሌጦው በታረደበት ቀን በውስጥ በኩል ጨው በደንብ ይነስነስበት፤ በማግስቱ በችካል ተወጥሮ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ይድረቅ። ሲደርቅ የቀረው ስብና ሥጋ ይፋቃል፤ ከዚያም እስኪለሰልስ ድረስ በእጅ ይታሻል። ጸጉሩ በለብታ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ሲበጠር ነጩም ቡናማውም ያምራል። በወሎ በኩል ያሉ አባቶች ቁርበት አንጥፈው እንደሚሰግዱ እናውቃለን፤ ከኢድ በግ የተሠራ መስገጃ ለልጅ መስጠት ከሱቅ ከመጣው ይልቅ ታሪክ አለው።

ቤቱን በተመለከተ ከዚህ ብዙ መጨመር አልፈልግም። ግድግዳው በኖራ ወይም በአካባቢው ነጭ አፈር ቢቀባ በቀለም ዋጋ ሩቡን አይፈጅም። የተቀደደው ዝተት ሁለት ቦታ ተቆርጦ ዳር ዳሩ ቢሰፋ የመደብ ልብስ ይሆናል። ስንደዶና አክርማ ስፌት የምታውቅ እናት ባለችበት ቤት ግድግዳው ላይ የሚሰቀል የፕላስቲክ አበባ መግዛት ለእኔ አይገባኝም። አዲስ መጋረጃ መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ በዘሩ ገብስ ተሸጦ ከሆነ ግን በልግ ሲደርስ መጋረጃው ወደ ድስት አይገባም።

ኢድ ከመድረሱ በፊት ከጎተራው የሚወጣ ሌላ እህልም አለ፤ ዘካተል ፊጥር። በሐዲሥ ለፊጥራ በስም ከተጠቀሱት እህሎች አንዱ ራሱ ገብስ ነው። መጠኑ በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ፣ ማለትም አራት እፍኝ ሲሆን በአሁኑ ልኬት በአብዛኛው 2.5 ኪሎ ገደማ ይታሰባል። ለስድስት ነፍስ 15 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። በገንዘብ ስለመክፈል ያለውን የዑለማዎች ልዩነት ለእነርሱ እንተወው። ገብስ ያለው ቤት ግን ገብስ ሸጦ፣ ብር ይዞ፣ ሌላ እህል ገዝቶ ለፊጥራ መስጠት አያስፈልገውም። የአካባቢው ሰው የሚበላው ገብስ ነውና ገብሱ ራሱ ይበቃል። ከኢድ ሶላት በፊት መድረስ ስላለበት 15 ኪሎው ከአሁኑ በሌላ ጆንያ ቢለይ፣ የዘሩ ጆንያም በአፉ ተሰፍቶ ከጎተራው ወጥቶ ቢቀመጥ፣ ለማዕድ የቀረው ስንት እንደሆነ በዓይን ይታያል።

ስለ ቀጣዮቹ ዓመታት አንድ ነገር ላክል። በ2018 ዓ.ም. ዓቢይ ጾም የሚገባበት ቀን የካቲት 9 ነው፤ ረመዳንም የሚገባው በዚያው ሳምንት ነው። በዚያ ዓመትም ወተቱና ቅቤው የሚቀልል ነው። በ2019 ግን ረመዳን ሊያልቅ ሲል ነው ዓቢይ ጾም የሚገባው። ያኔ ክርስቲያን ጎረቤታችን በፍስክ ላይ ስለሚሆን የመሐል ሜዳ ወተትና እንቁላል ብዙ ገዢ ይኖረዋል፤ የዘይቱ ሽሚያ ግን ይቀንሳል። የዛሬው ሂሳብ በዚያ ዓመት ተገልብጦ እንደገና መሠራት ይኖርበታል።